ስማቸው ይጠራ

በደቡብ ኮሪያ ጁን 6 ቀን፣ በእኛ ግንቦት 29፣ በእነሱ አቆጣጠር ከጠዋቱ 10 ሰዓት ላይ በመላ አገሪቱ ሳይረን ይጮኻል። አንድ ደቂቃ ይቆያል። ሴኡል ውስጥ በምኖርበት ሰፈር አትክልት የሚሸጡት ሴት ሚዛናቸውን ትተው ይነሣሉ፤ ውሻ ይዞ የሚንሸራሸረው ጎረምሳ ስልኩን ኪሱ ከትቶ አንገቱን ይደፋል። የማይቆምም አለ፤ ቀኑ የሥራ ዝግ ስለሆነ ሻንጣውን እየጎተተ ወደ ባቡር ጣቢያ የሚሮጠውን ሳይረኑ አያስቆመውም። ብዙው ሰው ግን ይቆማል። ሰንደቅ ዓላማቸውም የዚያን ዕለት ዝቅ ብሎ ይውለበለባል።

ቀኑ ለአገራቸው የወደቁ ወታደሮች የሚታሰቡበት ነው። የኮሪያ ጦርነት ካበቃ ከሦስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1956 ሲደነገግ፣ የድሮ ሰዎቻቸው በእርሻው ወቅት ለሙታን መሥዋዕት ያቀርቡበት የነበረውን ጊዜ መረጡ። ጦርነቱ የተጀመረውም በዚሁ በጁን ወር ነበር።

እኔ በዚያ ቀን ወደ ዶንግጃክ እሄዳለሁ። ከሃን ወንዝ በስተደቡብ፣ በኮረብታ ተዳፋት ላይ ያለው ብሔራዊ መካነ መቃብር ነው። በእያንዳንዱ ድንጋይ ሥር ትንሽ ባንዲራ ተተክላለች። ቤተሰቦች ምንጣፍ ይዘረጋሉ፤ ፍራፍሬና የሩዝ ቂጣ ይደረድራሉ፤ ሶጁ የሚሉትን አረቄ ቀድተው መቃብሩ ላይ ያፈሱና መሬት ነክተው ሁለት ጊዜ ይሰግዳሉ። ባለፈው ዓመት አንዲት ጎበጥ ያሉ አሮጊት ድንጋዩን በእርጥብ ጨርቅ ፊደል በፊደል ሲወለውሉ አየሁ። ወንድማቸው ነው። እሳቸው ዘጠና ሊሞላቸው ነው፤ እሱ ገና ሃያ ዓመቱ ነው። የቤቱን ወሬ ሁሉ ነገሩት፤ ማን እንዳገባ፣ ማን እንደወለደ። ጣልቃ እንዳልገባ ራቅ ብዬ ቆምኩ፤ ግን እግሬ ከዚያ አልነቀል አለኝ።

አጽማቸው ያልተገኘው ደግሞ ከ100,000 በላይ ናቸው። እነሱም ስማቸው በመታሰቢያው ውስጥ ተጽፏል። መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ የጦር ሜዳዎቹን ኮረብታዎች እያስቆፈረ አጥንት ያስፈልጋል፤ ከዘመዶች ናሙና እየተወሰደ ይመሳከራል። ከሰባ ዓመት በኋላ «አገኘነው» ተብሎ የሚደወልለት ቤተሰብ አለ። ለወደቀ ሰው ክብር ማለት ለእኔ ይህ ነው፤ በጅምላ «ጀግኖቻችን» ብሎ አለማለፍ፣ እያንዳንዱን በስሙ መፈለግ።

ይህን ያህል የሚያሳስበኝ በምክንያት ነው። ያደግሁት አዲስ አበባ፣ ኮሪያ ሰፈር ነው። አያቴ ቃኘው ነበሩ፤ ኢትዮጵያ ወደ ኮሪያ ጦርነት የላከችው ጦር ስሙ ቃኘው ነው። በ1943 ዓ.ም. በሻለቃነት ተደራጅቶ በሌተና ኮሎኔል ተሾመ ዕርገቱ አዛዥነት ከጅቡቲ በመርከብ የተነሣው የመጀመሪያው ጦር ነው፤ አያቴ ተከትሎ በሄደው በሁለተኛው ውስጥ ዘመቱ። ንጉሠ ነገሥቱ ለጦሩ ያወጡለት ስም የአባታቸው የራስ መኮንን የፈረስ ስም ነው። በየተራ የሄዱት ሁሉ ሲደመሩ ከ6,000 በላይ ናቸው፤ ከ120 በላይ የሚሆኑት ወድቀዋል። አንድም ሰው አልተማረከም። አያቴ ስለ ውጊያው ብዙም አያወሩም ነበር፤ ስለ ብርዱ ግን ያወራሉ። ጠመንጃው ከእጅ ጋር እየተጣበቀ፣ በረዶው እስከ ጉልበት እየዋጠ፣ የቆሰለ ጓድ ተሸክሞ ሽቅብ መውጣት ምን እንደሆነ። «ልጄ፣ የሞተውንም ጥለን አልመጣንም» ይሉኝ ነበር፤ ድምፃቸው ከፍ የሚለው እዚህ ላይ ብቻ ነው።

እውነትም ጥለው አልመጡም። በቡሳን ባለው የተባበሩት መንግሥታት መካነ መቃብር የብዙ አገር ወታደሮች ተቀብረዋል፤ የኢትዮጵያውያን መቃብር ግን የለም። የእኛዎቹ አጽም ወደ አገር ተመልሶ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ግቢ አርፏል። አያቴ በሕይወት ሳሉ እጄን ይዘው ወደዚያ ይወስዱኝ ነበር። ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ቀጥ ብለው ቆመው፣ የሚያውቋቸውን በቃላቸው ይጠራሉ፦ ስም፣ የአባት ስም፣ የተወለደበት አገር። የሙስሊም ጓዳቸውን ስም ሲጠሩ «አላህ ይዘንለት» ይላሉ፤ ለሌሎቹ «ነፍስ ይማር»። አንዱን ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ይጠሩታል። ጎናቸው ነው የወደቀው። ስሙን እዚህ አልጽፈውም፤ ዘመዶቹን አግኝቼ ፈቃድ ሳልጠይቅ አይገባኝም።

ደርግ መጥቶ ከሰሜን ኮሪያ ጋር ሲወዳጅ ቃኘው መሆን አንገት የሚያስደፋ ሆነ። እማማ የአያቴን ሜዳሊያዎች በጨርቅ ጠቅልለው ከሽሮ ዕቃ ሥር ደበቋቸው። አያቴ በእነዚያ ዓመታትም ቢሆን ወደ ሥላሴ መሄድ አልተዉም፤ ሜዳሊያ ሳያደርጉ፣ የቅዳሴ ሰው መስለው።

የአገራችን በዓላት ያኮሩኛል። ሚያዝያ 27 አራት ኪሎ የቆመ ሰው ያውቀዋል፤ አባት አርበኞች ጎፈር ደፍተው፣ ጋሻና ጦር ይዘው፣ ደረታቸው በሜዳሊያ ተሞልቶ ሲፎክሩና ሲያቅራሩ ደም ይሞቃል። ንጉሠ ነገሥቱ በ1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገቡበት ቀን ነው፤ ጠላት ከተማዋን ከያዘ ልክ አምስት ዓመት ሲሞላው። ደርግ በዓሉን ወደ መጋቢት 28 አዛውሮት እንኳን ሕዝቡ አልረሳውም፤ በኋላ ወደ ቦታው ተመልሷል። የካቲት 12 ስድስት ኪሎ፣ የካቲት 23 ዳግማዊ ምኒልክ አደባባይ ሰው ይጎርፋል። የአበባ ጉንጉን ይቀመጣል፣ ንግግር ይደረጋል፣ መድፍ ይተኮሳል። እኔ በተገኘሁባቸው በእነዚህ ሁሉ ግን የወደቀ ተራ ወታደር ስም ሲጠራ ሰምቼ አላውቅም። የጦር አዝማቾቹን እናውቃለን፤ ከኋላቸው የወደቀው ግን «ስንቱ ጀግና» በሚል ቃል ይታለፋል። ይህ ይቆጨኛል። ለስም ባዳ አይደለንም እኮ። ለሙት ዓመትና ለተዝካር ካህኑን በክርስትና ስሙ እንዲያስቡልን አጥብቀን የምንለምን ሕዝብ ነን። አንድ ስም ቢቀር ቅር ይለናል። ቤታችን ውስጥ የምናውቀውን ነገር አደባባይ ላይ ለምን እንተወዋለን?

ቹንቾን ሄጄ ነበር። በከተማዋ ጅረት ዳር ለቃኘው የቆመው ሐውልት እ.ኤ.አ. በ1968 ሲመረቅ ጃንሆይ ራሳቸው ተገኝተዋል። አጠገቡ «ኢትዮጵያ ቤት» የሚባል ቡና ቤት ከዚያው ዓመት ጀምሮ አለ፤ ከመንገዱ ማዶ ጎጆ የመሰለ ጣሪያ ያለው ሙዚየም። ኮሪያውያን ልጆቻቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ አንድ አባት ለልጁ የሚነግረውን ቆሜ ሰማሁ፤ «ከሩቅ መጥተው ለእኛ ሞቱ» አለው። ከዚያ የበለጠ የያዘኝ ግን ቡሳን ነው። እዚያ ባለው የመታሰቢያ ግድግዳ ላይ ከ40,000 በላይ ስም በጥቁር ድንጋይ ተቀርጿል፤ የእኛዎቹም አሉበት። በላቲን ፊደል ነው የተጻፉት። ጠ እና ተ፣ ቀ እና ከ አንድ ሆነዋል። በጣቴ እየተከተልኩ ላነባቸው ስሞክር አንዳንዱን እናቱ ስትጠራው እንዴት ትለው እንደነበር መለየት አልቻልኩም። የአያቴን ጓደኛ ግን አገኘሁት፤ አያቴ ስሙን አስጠንተውኛልና።

በኅዳር መጀመሪያ፣ ኖቬምበር 11 ቀን፣ በኮሪያ አቆጣጠር ከጠዋቱ 11 ሰዓት ላይ በተለያዩ አገሮች ያሉ ሰዎች ፊታቸውን ወደ ቡሳን አዙረው አንድ ደቂቃ በዝምታ ይቆማሉ። ሐሳቡን ያመጡት የካናዳ ዘማች የነበሩ ሰው ናቸው፤ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ በየዓመቱ ይደረጋል። የኮሪያ ሰዓትና የእኛ አቆጣጠር ልክ በ12 ስለሚለያዩ የሰዓቱ ቆጣሪ ሁለቱም ጋ አንድ ቦታ ላይ ነው፤ እዚህ ጠዋት 11 ሲል አዲስ አበባ ከሌሊቱ 11 ነው። የእኛ ሰዎች ለኪዳን የሚነሡበት ጊዜ።

ዘንድሮ በዚያ ሰዓት ቡሳን እሆናለሁ፤ ዝምታው ሲያበቃ ስሞቹን በአማርኛ ጮክ ብዬ ላነብ ነው። እስካሁን በትክክል የያዝኩት አያቴ የነገሩኝን ብቻ ነው። አባታችሁ፣ አያታችሁ ወይም የሰፈራችሁ ሰው ኮሪያ ወድቆ የቀረ ካለ ጻፉልኝ። ስሙን ከነአባቱ በእኛ ፊደል፣ የክርስትና ስሙ የሚታወቅ ከሆነ እሱንም፣ የተወለደበትን አገር፣ በስንተኛው ቃኘው እንደዘመተ። ከፎቶግራፍ ጀርባ የተጻፈ ነገር ካለ እንዳለ ገልብጡልኝ። ቤተሰቡ በአደባባይ እንዲነበብ ካልፈለገ ያንንም ንገሩኝ።