ፎገራ ሜዳ ላይ አንድ ፈረስ ፍለጋ

ካርቶኑ «እስከ 15 የፈረስ ጉልበት ይጨምራል» ይላል። ዘመድ ከዱባይ በሻንጣ ያመጣልኝ ኢንቴክ፣ ማለትም ሞተሩ አየር የሚስብበትን የፋብሪካ መስመር የሚተካ ኪት ነው፦ የአሉሚኒየም ቧንቧ፣ ቀይ ሾጣጣ ፊልትሮ፣ የጎማ ማያያዣዎችና ፋሸታዎች። መኪናዬ ቶዮታ ሴሊካ ናት፤ 1.8 ሊትር፣ ማንዋል፣ ፋብሪካው 140 የፈረስ ጉልበት የሚሰጣት። የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ያለችንን መንከባከብ ነው፤ ከመንከባከቡ ጎን ትንሽ ማባለግም አይቀርም። 15 ፈረስ ማለት ከአሥር እጅ አንዱ በላይ ነው። ያን ያህል ካለ ለመለካት አያስቸግርም አልኩ።

ኪቱን ያሳየሁት መካኒክ ሳቀ። «ልጄ፣ ድምፁ ብቻውን አምስት ፈረስ ነው» አለኝ። «ቀሪውን አሥር ደግሞ ጋሼ?» ስለው፣ «እሱን ጎንደር ስትደርስ ትነግረኛለህ» ብሎ ወደ ሥራው ተመለሰ። ድምፁን በተመለከተ ትክክል ነበር። ቀሪውን ለማወቅ ግን ጎንደር ድረስ መሄድ አላስፈለገኝም።

ባሕር ዳር ላይ ስለ ፈረስ ጉልበት ለማውራት መጀመሪያ ከአየሩ ጋር መተዋወቅ ግድ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ላይ ነን፤ የአየር ግፊቱ 82 ኪሎ ፓስካል ገደማ ነው፣ ባሕር ጠለል ላይ 101 ሲሆን። ቱርቦ የሌለው ሞተር ከሚስበው አየር አምስት እጅ አንዱ ከመነሻው የለም ማለት ነው። የኔ 140 እዚህ ታና ዳር ላይ ሞተሩ ጫፍ 112 ገደማ ነው፤ ከዚያ ላይ ማርሽና ዘንጉ የሚበሉት ተቀንሶ ጎማ ላይ ይደርሳል። ካርቶኑ ላይ ያለው 15 የተለካውም፣ ተለክቶ ከሆነ፣ እንዲህ ያለ አየር ውስጥ አይደለም።

ይህን ልዩነት የሚያስተካክል ቀመር አለ፤ ጄ1349 የሚባለው የአሜሪካ መሐንዲሶች ስታንዳርድ 25 ዲግሪ ሙቀትንና 99 ኪሎ ፓስካል ደረቅ አየርን መነሻ ያደርጋል። ለባሕር ዳር ሲሰላ ውጤቱን በ1.26 ገደማ አባዙት ይላል። አላባዛሁም። አንደኛ፣ ቀመሩ የተሠራው ለትናንሽ ማስተካከያ ነው። ሁለተኛ፣ ጉልበቱን ሲያባዛ ስህተቱንም አብሮ ያባዛል። እኔ የምፈልገው ከኪቱ በፊትና በኋላ ያለውን ልዩነት ስለሆነ፣ ሁለቱም እዚሁ አየር ውስጥ እስከተለኩ ድረስ ጥሬው ቁጥር ይበቃኛል። ማባዛት ለሚፈልግ ግን አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ስልኩ ላይ ያለው የአየር ጠባይ መተግበሪያ ባሕር ዳርን «1016 ሄክቶ ፓስካል» ብሎ ያሳያል። ያ ወደ ባሕር ጠለል ተስተካክሎ የሚሰጥ ቁጥር ነው። ስልኩ የራሱ ባሮሜትር ካለው ከ815 እስከ 820 አካባቢ ያነባል፤ ሞተሩ የሚተነፍሰው እሱን ነው።

ጎማዎቹን ከባድ ሲሊንደር ላይ እያሽከረከረ ጉልበት የሚለካው ዳይኖ በአቅራቢያዬ ስላልነበረ መንገዱን ዳይኖ አደረግሁት። ሒሳቡ የሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ ነው። መኪናዋ፣ እኔ፣ ጓደኛዬና ግማሽ ታንክ ቤንዚን በጭነት መኪና ሚዛን ላይ 1,250 ኪሎ መዘንን። ይህን ክብደት ከ60 ወደ 100 ኪሎ ሜትር በሰዓት ለማድረስ 309 ኪሎ ጁል ገደማ ያስፈልጋል። 6.10 ሰከንድ ከፈጀ 50.6 ኪሎ ዋት ይሆናል። አየሩን ለመሰንጠቅና ጎማውን ለማንከባለል የሚሄደው ሌላ 7 ኪሎ ዋት ገደማ ነው። ሲደመር 57.6፣ በፈረስ 78። ይህ በዚያ ፍጥነት መካከል ጎማ ላይ የደረሰው አማካይ ነው እንጂ የሞተሩ ጣሪያ አይደለም፤ ለንጽጽር ግን ይሆናል። ጊዜውን የያዘልኝ በሰከንድ 10 ጊዜ የሚመዘግብ ጂፒኤስ ነው። የክሩስኮቱ መርፌ ለዚህ ሥራ አይታመንም።

መንገዱ ቀላል ምርጫ ነበር። ከባሕር ዳር ወደ ወረታ ሲወጡ፣ የጉማራን ወንዝ ከተሻገሩ በኋላ ፎገራ ሜዳ እንደ ምጣድ ይዘረጋል። በበጋ ሩዙ ከታጨደ በኋላ ቀጥ ያለውን መንገድ ከሩቅ ድረስ ማየት ይቻላል። ያኔ መንገዱ ሰላም ነበር። ከ100 በላይ አልሄድኩም፤ የፎገራ ከብት ደግሞ ለማንም ፍሬን አይይዝም፣ ስለዚህ እረኛ በታየ ቁጥር ሙከራው ተሰርዞ እንደገና ነው።

ሜዳ ነው ሲባል ግን ለዓይን ነው። አንድ በመቶ ተዳፋት፣ ማለትም በመቶ ሜትር አንድ ሜትር መውረድ፣ ለኔ መኪና በ80 ፍጥነት 3.7 ፈረስ ያህል ይሰጣል። ዓይን አያየውም፤ ጂፒኤሱ ግን ያየዋል። ነፋሱም እንዲሁ። ረፋድ ላይ ፀሐይ መሬቱን ስታሞቅ ከታና ወደ የብስ መንፈስ ይጀምራል፤ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ፊት ለፊት ሲመጣ ከአንድ ፈረስ በላይ ይወስዳል። ለዚህ መድኃኒቱ አንድን መስመር ሄዶ መመለስና ሁለቱን አማካኝ ማድረግ፣ ደግሞም ገና ሲነጋ 12 ሰዓት ላይ መገኘት ነው። የሙቀቱ ጣጣ ከሁሉም ይብሳል። ንጋት ላይ 14 ዲግሪ የነበረው ከቀትር በኋላ 28 ሲሆን፣ መኪናዋን ማንም ሳይነካት 2 ፈረስ ገደማ ታጣለች። ጠዋት በኪቱ፣ ከሰዓት በፋብሪካው የፊልትሮ ሳጥን የለካ ሰው 2 ፈረስ «አገኘሁ» ብሎ ደስ ብሎት ቤቱ ይገባል። በኢንተርኔት ላይ ከሚታዩት ቪዲዮዎች ግማሹ እንደዚህ የተሠሩ ይመስለኛል።

ስለዚህ በቅብብል ለካሁ፦ ሳጥኑ፣ ኪቱ፣ እንደገና ሳጥኑ፣ ሁሉም ፀሐይ ሳይከር። መቀየሩ ካቻቢቴና ትዕግሥት ብቻ ነው የሚፈልገው። በመካከል ነዳጅ አልሞላሁም፤ 20 ሊትር ቤንዚን 15 ኪሎ ገደማ ስለሆነ ለብቻው 0.8 ፈረስ ያስመስላል። ጓደኛዬም ቁርስ ሊበላ ወረታ ልውረድ ብሎ ሲለምነኝ «ሰባ ኪሎ ይዘህብኝ የት?» ብዬ ከልክዬዋለሁ።

ውጤቱ ይኸው። መኪናዋ ስትመጣ በነበራት፣ የከተማው አቧራ ባጠገበው የወረቀት ፊልትሮ 6.24 ሰከንድ። ሳጥኑ ያው ሆኖ በአዲስ የወረቀት ፊልትሮ 6.10። ኪቱ ካርቶኑ ላይ በተሳለው መሠረት ሲገጠም 6.13። በፈረስ ስናየው፣ ፊልትሮ መቀየር ብቻ 1.5 ገደማ ሰጠ። ኪቱ ደግሞ ከአዲሱ ወረቀት ጋር ሲወዳደር ምንም አልሰጠም፤ እንዲያውም በጥቂቱ ወደ ኋላ። እያንዳንዱ ሩጫ ከሌላው በ0.05 ሰከንድ ገደማ ወዲህና ወዲያ ስለሚል፣ በ6.10 እና በ6.13 መካከል ያለውን ልዩነት ብዙ አልከራከርበትም።

ለምን እንዳልሰጠ የነገረኝ የአየሩን ሙቀት የሚለካው ሰንሰር ነው። የፋብሪካው ሳጥን አየሩን የሚስበው ከፓራፋንጎው በኩል፣ ከሞተሩ ሙቀት ተከልሎ ነው። ሾጣጣው ፊልትሮ ግን ኮፈኑ ውስጥ ራቁቱን ተቀምጦ ራዲያተሩ የተፋውን አየር ይጠጣል። ቆሞ ሞተሩ ሲሠራ 58 ዲግሪ አነበብኩ፣ ውጭው 15 እያለ። ሲሄድ ይበርዳል፤ ሆኖም ሳጥኑ ከውጭው አየር በ4 ዲግሪ ሲበልጥ ኪቱ በ8 እና በ9 ይበልጥ ነበር። ላሜራ አስቆርጬ ፊልትሮውን ከሞተሩ ለየሁት፣ የፋብሪካውን የአየር መግቢያም ወደዚያ አዞርኩት። 6.04 ሆነ። ከንጹሕ ወረቀት 0.7 ፈረስ ገደማ ይሻላል። ላሜራው ከጋራዥ ትርፍራፊ የተገኘ ነው፤ ኪቱ ለብቻው ያላመጣውን አመጣ።

በዚህ መካከል የስልክ መተግበሪያው ሊያሳስተኝ ሞክሮ ነበር። በኦቢዲ መሰኪያ፣ ማለትም የመኪናዋ ኮምፒውተር በሚነበብበት ሶኬት በኩል ገብቶ የፈረስ ጉልበት የሚያሳይ መተግበሪያ አብዛኛውን ጊዜ የሚያሰላው የአየር መጠን ሰንሰሩ ከሚሰጠው ግራም በሰከንድ ተነስቶ ነው። የኪቱ ቧንቧ ከፋብሪካው ሰፊ ስለሆነ አየሩ ሰንሰሩ አጠገብ ዝግ ብሎ ያልፋል፤ ሰንሰሩም አየር የቀነሰ ይመስለዋል። መተግበሪያው «ጉልበት ወደቀ» አለ፣ ሰዓቱ ደግሞ አልወደቀም አለ። ኮምፒውተሩ ይህን ለማካካስ ነዳጁን ከ2 በመቶ ወደ 9 በመቶ ጭማሪ ከፍ አደረገው። ቧንቧው ጠባብ ቢሆን ኖሮ የተገላቢጦሹ ይሆንና መተግበሪያው በደስታ የማይገኝ ፈረስ ይቆጥርልኝ ነበር። የነዳጅ ማካካሻው 10ን ካለፈ ግን ጉልበቱን ትቶ ስለ ሞተሩ ጤና ማሰብ ነው፤ ነዳጅ ሙሉ በሙሉ ሲረገጥ የአየርና የነዳጁ ድብልቅ ሊሳሳ፣ ማለትም ነዳጅ ሊያንሰው ይችላል።

ከሁሉም የወደድኩት መለኪያ ግን ጂፒኤስም ኮምፒውተርም የለውም። ከፋርማሲ የግሉኮስ ቱቦ ገዛሁ፣ በጣውላ ላይ ሁለት ክንድ እንዲኖረው ወደ ታች አጥፌ በሚስማር ያዝኩት፣ ውሃ ሞላሁበት፣ እንዲታይም ሚሪንዳ ጠብ አደረግሁበት። አንዱን ጫፍ ከፊልትሮው በኋላ ካለችው ትንሽ የመተንፈሻ ቀዳዳ ጋር አገናኘሁ፣ ውሃው ወደ ሞተሩ እንዳይሳብ በመካከል ባዶ ጠርሙስ ገባ፤ ሌላው ጫፍ ጋቢና ውስጥ ክፍት ነው። ጓደኛዬ ጣውላውን ጉልበቱ ላይ አቁሞ በስልኩ ይቀርጻል፣ እኔ በሁለተኛ ማርሽ እስከ 6,000 ዙር እረግጣለሁ። የሚነበበው በሁለቱ ክንዶች መካከል ያለው የውሃው የከፍታ ልዩነት ነው፤ ልዩነቱ በበዛ ቁጥር አየሩ ታፍኗል ማለት ነው። መስኮት ይዘጋል፤ ክፍት ከሆነ ነፋሱ ብቻ 3 ሴንቲ ሜትር ሊያወዛውዘው ይችላል።

ቆሻሻው ፊልትሮ 46 ሴንቲ ሜትር አሳየ። አዲሱ ወረቀት 20። ኪቱ 9።

የጥያቄዬ መልስ ሁሉ እነዚህ ቁጥሮች ውስጥ አለ። 10 ሴንቲ ሜትር ውሃ ወደ 1 ኪሎ ፓስካል ነው፤ ከ82 ላይ 1.2 በመቶ። ኪቱ ከአዲሱ ወረቀት ያስቀረው መታፈን 11 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ፣ ሁሉም ነገር ቢሳካ ሊሰጠኝ የሚችለው 1.3 በመቶ ገደማ ነው፤ በኔ መኪና አንድ ፈረስ። ፊልትሮውን አውጥቼ ብጥለው እንኳ፣ ሃያውንም ሴንቲ ሜትር ባስቀረው፣ 2.4 በመቶ ነው። 15 ፈረስ ከፊልትሮው በኩል ሊመጣ የሚችልበት ቦታ መጀመሪያውኑ አልነበረም። የቧንቧው ርዝመትና ስፋት በአንዳንድ ዙር ላይ የአየሩን ምት ሊረዳ ይችላል፣ እሱን አልክድም፤ ሰዓቱ ግን ከ0.7 በላይ አላሳየኝም። አሁን ኢንቴክ ልግዛ የሚለኝ ሰው ካለ መጀመሪያ ቱቦውን አውሰዋለሁ። ፋብሪካው ሳጥን ላይ 40 እና 50 ሴንቲ ሜትር የሚያሳይ መኪና ካጋጠመው መግዛት ይችላል፣ ወረቀቱን ከቀየረ በኋላም ያው ከሆነ ማለቴ ነው።

አቧራውን ሳልጠቅስ ባልፍ ደግሞ ነውር ነው። ቀዩ ፊልትሮ በዘይት የሚርስ ዓይነት ነው። ዘይት ሲበዛበት በአየር መጠን ሰንሰሩ ሽቦ ላይ እየተቀመጠ ሰንሰሩን ያበላሻል፣ ሲያንስ አቧራ ያሳልፋል። ወደ ዘጌ የሚወስደውን ጥርጊያ መንገድ በጥር ወር የሄደበት ሰው ለ0.7 ፈረስ ይህን ዕዳ አይገባም። እኔም አልገባሁም። ኪቱ ተፈቶ ካርቶኑ ውስጥ ገብቷል፣ ላሜራዋን ግን ለፋብሪካው ሳጥን አስተካክዬ ትቻታለሁ። ቱቦዋ ኮፈኑ ሥር ተጠቅልላ ታስራለች፤ ውሃው 30 ሴንቲ ሜትር ሲያልፍ ኪሎ ሜትር ሳልቆጥር ወረቀቱን እቀይራለሁ።

መካኒኩ ስንት ፈረስ እንዳገኘሁ ሲጠይቀኝ ነገርኩት። «አላልኩህም? ድምፁን ግን ባትፈታው ጥሩ ነበር» አለኝ።