ደቻቱ ዳር የተቀደዱት ጆንያዎች

ድሬዳዋ ውስጥ ቦይ በሚጠርግ ማኅበር ካቦ ነበርኩ። ክረምት ሳይገባ ወደ ደቻቱ ወንዝ የሚወርደውን አንድ ቦይ አምስት ቀን ጠረግን። ከደለሉ ይልቅ ፌስታሉ ይበዛል፤ አሸዋ የሞላ ፌስታል ደግሞ በአካፋ እሺ አይልም፣ በእጅ እየጎተቱ ነው። በ1999 ዓ.ም የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ከ0.03 ሚሊ ሜትር ያልበለጠውን ስስ ፌስታል ከልክሎ ነበር። ያወጣነው ግን አብዛኛው እሱው ነው። ከሃይላንዱ ጋር ደባልቀን በጆንያ አሰርንና ቦዩ አፍ ላይ፣ ደቻቱ አሸዋ ዳር ደረደርነው። ገልባጩ ነገ ይመጣል ተባለ።

ደቻቱ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ ነው፤ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ውኃው የሚመጣው ግን ከላይ፣ ከተራራው ነው፤ ከተማው ላይ ጠብታ ሳይወርድ ጎርፍ ይደርሳል። በ1998 ዓ.ም ክረምት በሌሊት መጥቶ ከ250 በላይ ሰው ወስዷል። ይህን እያወቅሁ ነው እዚያ ያስቀመጥኩት።

ሌሊቱን ሃይላንድ ለቃሚ ልጆች ጆንያዎቹን ቀደዱ። ሃይላንድ በኪሎ ይሸጣል፤ ፌስታል የሚገዛ የለም፣ በትነውት ሄዱ። ገልባጩም ቀረ። በሦስተኛው ማታ ደቻቱ ሞልቶ መጣና ፌስታሉን አንስቶ ቦዩ አፍ ላይ ካለው ፍርግርግ ጋር ለጠፈው። ከተማውም ላይ ዘነበ። የቦዩ ውኃ መውጫ ሲያጣ ተመልሶ ሻይ የሚሸጡ አንዲት እናት ቤት ገባ፤ ስኳራቸውም ከሰላቸውም ረጠበ።

«አቦ ልጄ፣ ከደጄ ያወጣችሁትን መልሳችሁ ቤቴ አስገባችሁት እኮ» አሉኝ። «ይቅርታ እናቴ» ከማለት በቀር የምመልሰው አልነበረኝም።

ጓደኞቼ በልጆቹ ፈረዱ። እኔ አልተስማማሁም፤ ልጆቹ እንጀራቸውን ነው የፈለጉት፣ ሳይለይ ያሰረው እኔ ነኝ። ቀጣዩን ቦይ ስንጠርግ በቀን ጠራኋቸው፤ ሃይላንዱን በሁለት ሰዓት ለቅመው ጨረሱ። አንዱ «ካቦ፣ ያኔም ብትጠራን ጆንያውን መቼ እንቀደው ነበር?» አለኝ። የቀረውን ፌስታል ገልባጩን ሳንጠብቅ በዚያው ቀን በአህያ ጋሪ አስወጣነው።

ያን ሌሊት ጎርፉ የወሰደውን ግን የሚመልሰው የለም። ደቻቱ ባሕር አይደርስም፤ ወደ ሽንሌ ሜዳ ወርዶ አሸዋ ውስጥ ይቀራል። እዚያ የሚሰማሩት ፍየሎች ናቸው፤ ፌስታል ደግሞ ይበላሉ።