ምድጃ ውስጥ የቀለጠው አፈር

የምሠራው አሜሪካ ውስጥ ባለ አንድ የሸክላ ጥበብ ማዕከል ነው። ሥራዬ ከምድጃ ጋር ነው፤ መጫን፣ ማቃጠል፣ ማውረድ፣ ሲበላሽ መጠገን። ማዕከሉ ሸክላ ሠሪዎችን እያወዳደረ ይቀበላል። ለተወሰነ ጊዜ መሥሪያ ቦታ፣ ማደሪያ ክፍልና ምድጃ ይሰጣቸዋል። ሬዚደንሲ የሚባለው ይኼ ነው። አንዳንዱ ለጥቂት ወር ይመጣል፤ አንዳንዱ ዓመትና ከዚያ በላይ ይቆያል።

አንድ ዓመት ከኖርዝ ካሮላይና አንዲት ሸክላ ሠሪ መጣች። የምትተዳደረው የቡና ኩባያ እየሠራች ነው። በየባዛሩ ትሸጣለች፤ ለሱቆችም ታስረክባለች። እጇ ፈጣን ነው። አንዱን ኩባያ ከሌላው መለየት አይቻልም። ግን ወደ እኛ ስትመጣ ትዕዛዞቿንም አብራ ይዛ ነው የመጣችው። ጠዋት ከሁሉም ቀድማ መሽከርከሪያው ላይ ትቀመጣለች። ማታ ጣውላው ሁሉ በኩባያ ተሞልቶ ይታያል። ቤቷ የምትሠራውን ያንኑ ኩባያ እኛ ጋ መጥታ ትሠራለች።

አንድ ቀን «ምነው፣ ትንሽ አረፍ አትይም?» አልኳት። «የቤት ኪራዬ መቼ አረፈ?» አለችኝ። ምን እላታለሁ? እውነቷን ነው።

ከጠረጴዛዋ ሥር በባልዲ ሙሉ ቀይ አፈር ነበር። ከቤተሰቦቿ መሬት ቆፍራ ያመጣችው ነው። ለማዕከሉ ስታመለክት «በዚህ አፈር ልሥራ» ብላ ነበር የጻፈችው። ሳምንታት አለፉ፤ ባልዲው አልተነካም። «ይቺን ትዕዛዝ ላስረክብና» ትላለች። ትዕዛዝ ደግሞ አያልቅም።

በመጨረሻ አንድ ምሽት ከአፈሩ ትንንሽ ጎድጓዳ ሳህኖች ሠራች። ደርቀው የመጀመሪያውን እሳት ካገኙ በኋላ ለዝቅተኛ ሙቀት በተለየው መደርደሪያ ላይ አስቀመጠቻቸው። እንዲህ ላለው ቀይ አፈር 1,060 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይበቃዋል። ትልቁ የጋዝ ምድጃችን ግን ወደ 1,300 ይጠጋል። በማግስቱ ሊያግዝ የመጣ አንድ በጎ ፈቃደኛ ልጅ መደርደሪያውን ሳያጣራ ሳህኖቹን ከሌላው ዕቃ ጋር ጋዝ ምድጃው ውስጥ ጫናቸው።

ምድጃው ቀዝቅዞ ስከፍተው ሳህኖቹ የሉም። በቦታቸው የተንጣለለ፣ የሚያብረቀርቅ ነገር አለ። የፈሰሰ ጥቁር ማር ይመስላል። ወፈር ያለበት ጥቁር ነው ማለት ይቻላል፤ ጠርዙ ላይ ሳሳ ሲል ወደ ቢጫ ይወስደዋል። ከዚያም አልፎ ምድጃ ውስጥ ዕቃ ወደሚደረደርበት የታችኛው ንጣፍ ተንጠባጥቦ የሌላ ሰው የፖርስሊን (ነጭ ሸክላ) ዕቃ እግር ላይ ተጣብቋል። ንጣፎቹ ሲሊኮን ካርባይድ ከሚባል ኃይለኛ ሙቀት የሚችል ቁስ የተሠሩ ናቸው፤ ዋጋቸው አይቀመስም።

ግቢው ተተራመሰ። የፖርስሊኑ ባለቤት ተቆጣ፤ ዕቃዎቹን ለኤግዚቢሽን ነበር ያዘጋጃቸው። ልጁ አንገቱን ደፋ። ኃላፊያችን መጥተው አዩና «ከእንግዲህ ሰው ከሜዳ ቆፍሮ ያመጣው አፈር ጋዝ ምድጃ ውስጥ እንዳይገባ» አሉ።

እሷ ምንም አልተናገረችም። ጓንቴን ተዋሰችኝና ጎንበስ ብላ ጠርዙን ዳሰሰችው። የቀለጠ ሸክላ እንደ ጠርሙስ ስባሪ ይቆርጣል፤ ያለ ጓንት አይነካም። ከዚያ ቀና ብላ «ይኼ እኮ ግሌዝ ነው» አለች።

ልክ ነበረች። ግሌዝ፣ ማለትም ሸክላ ላይ የምንቀባው የሚያብረቀርቅ ልባስ፣ እሳት ውስጥ ቀልጦ መስታወት የሆነ ማዕድን ነው። የእሷ አፈር ብረትና ሌሎች ማቅለጫ ማዕድናት በዝተውበታል። በዝቅተኛ ሙቀት ሳህን ይሆናል፤ በከፍተኛው ይፈሳል። የድሮ አሜሪካውያን ሸክላ ሠሪዎች ይህን በደንብ ያውቁት ነበር። ኒው ዮርክ ግዛት፣ አልባኒ አካባቢ የሚቆፈር አፈር ነበራቸው፤ አልባኒ ስሊፕ ይባላል። በውሃ በጥብጠው ማሰሮ ውስጥ ይቀቡታል፤ ሲቃጠል ጥቁር ቡናማ ሆኖ ያብረቀርቃል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ስንቱ ማሰሮ ውስጡ በሱ ተለብጧል። ቁፋሮው የቆመው በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ነው።

ቤቷ ብትሆን ኖሮ ይኼ አደጋ ምን ይሆን ነበር ብዬ ሳስብ፣ ኪሳራ ብቻ ይሆን ነበር። ንጣፉን ትፍቃለች፣ ትናደዳለች፣ ወደ ኩባያዋ ትመለሳለች። እኛ ጋ ግን የዚያኑ ዕለት ማታ የግሌዝ ቅመማ የሚያውቅ አንድ ጎረቤቷ ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ። አፈሩን፣ የእንጨት አመድንና ፌልድስፓር የሚባለውን ማዕድን በተለያየ መጠን ማደባለቅ ጀመሩ። እያንዳንዱን ድብልቅ ጣት የሚያክል የሸክላ ቁራጭ ላይ ይቀቡታል። ከጀርባው ቁጥር ይጽፋሉ። ቁጥሩ የሚጻፈው በብረት ኦክሳይድ ነው፤ የእስክሪብቶ ቀለም እሳቱ ይበላዋል። እኔም ጋዝ ምድጃውን በጫንኩ ቁጥር አንድ ጥግ እተውላቸዋለሁ። ከሥሩ አሮጌ ሳህን ይደረግበታል፤ ቢፈስም ንጣፉን አይነካም። ኃላፊያችንን ያሳመንኳቸው በዚህ ነው።

ምድጃ በተከፈተ ቁጥር ሰው ይሰበሰብ ጀመር። አመድ የበዛበት ወደ አረንጓዴ ይሄዳል፤ ወራጅ መስመርም ያወጣል። ፌልድስፓር የበዛበት ረጋ ይላል። የፖርስሊኑ ባለቤት ለጥቂት ቀናት አኩርፎ ከረመና አንድ ጠዋት «ከቁጥር ሰባቱ ትንሽ ትሰጪኛለሽ?» ብሎ መጣ።

ኩባያዎቹስ? ለሱቆቹ ደውላ ቀኑን እንዲያራዝሙላት ለመነች። አንደኛው ትዕዛዙን ሰረዘ። የዚያን ዕለት ፊቷ ጠቁሮ ዋለ። ማዕከሉ ትንሽ ወርሃዊ ክፍያ ይሰጣል፤ ግን የሸክላውንና የማቃጠያውን ሒሳብ የሚከፍሉት ሸክላ ሠሪዎቹ ራሳቸው ናቸው። ብዙ ቦታ እንዲሁ ነው። ለማመልከት የሚያስብ ሰው ይህችን አስቀድሞ ቢጠይቅ ጥሩ ነው። ነፃ የተባለው ቆይታ ምድጃው ላይ ሲደርስ ነፃ አይሆንም።

ማጠቃለያው ኤግዚቢሽን ሲቃረብ ሌላ ጣጣ መጣ። እሷ ያላት የቁራጭ ክምር ነው። «ለጋሾቻችን ያለቀ ሥራ ነው ማየት የሚፈልጉት» አሉ ኃላፊያችን። ጭንቀታቸው ይገባኛል፤ ማዕከሉ የሚቆመው በለጋሾች ነው። ግን እንዲህ ያለው ጥያቄ በአንድ እጅ ሰጥቶ በሌላው መንጠቅ ይመስለኛል፤ ይህንኑም ነገርኳቸው። ያለቀ ሥራማ ቤቷም ትሠራ ነበር።

እንደ እኛ ካሉት የሬዚደንሲ ቦታዎች ዝነኛ የሆነው በሞንታና ግዛት ሄለና ከተማ ያለው አርቺ ብሬይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1951 የጡብ ፋብሪካ ባለቤቱ አርቺ ብሬይ በፋብሪካው ግቢ ለሸክላ ሠሪዎች ቦታ ከፈተ። የመጀመሪያዎቹ ፒተር ቮልከስና ሩዲ አውቲዮ ነበሩ። ቀን ጡቡ ላይ እየሠሩ፣ ማታ የራሳቸውን ይሞክሩ ነበር። በ1952 የእንግሊዙ ሸክላ ሠሪ በርናርድ ሊችና ጃፓናዊው ሸክላ ሠሪ ሾጂ ሃማዳ እዚያው መጥተው አሠራራቸውን አሳይተዋል። ቮልከስ ያኔ ጥሩ ጥሩ ማሰሮ የሚሠራ ወጣት ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሎስ አንጀለስ ገብቶ ሸክላን ወደ ግዙፍ ቅርጻ ቅርጽ ወሰደው። ዊስኮንሲን ውስጥ ደግሞ ኮለር የተባለው የመታጠቢያ ዕቃ ፋብሪካ ከ1974 ጀምሮ አርቲስቶች ከሠራተኞቹ ጎን ሆነው እንዲሠሩ በሩን ከፍቷል። ሁለቱም ቦታ መሣሪያው ብቻውን አይደለም ቁም ነገሩ። አጠገብህ የሚያውቅ ሰው አለ፤ የተበላሸውም ዕቃ ራትህን አያስቀርብህም።

ይኼን ሳስብ ልቤ ወደ ቀጨኔ ይሄዳል። የቀጨኔ እናቶች ጀበናውን፣ ምጣዱን፣ ድስቱን የሚያቃጥሉት ሜዳ ላይ ነው። ያለ መሽከርከሪያ በእጃቸው የሚያወጡት ቅርጽ እኛ ማዕከል ያሉትን ያስቀናል። ግን አንድ ጀበና እሳት ውስጥ ከተሰነጠቀ የሄደው የልጆች ምሳ ነው። ማን ደፍሮ አዲስ ነገር ይሞክራል? ለነሱ ቦታና ምድጃ ብቻ ቢሰጣቸው አይጠቅማቸውም። ያን ወር ገበያ ሳይወጡ የሚያድሩበት ገንዘብ አብሮ መሰጠት አለበት። አንድ ቀን አዲስ አበባ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ቢከፈት፣ ምድጃ ጫኝ ሆኜ ለመቀጠር የመጀመሪያው እኔ ነኝ።

ኃላፊያችን በመጨረሻ ተስማሙ። ቁራጮቹ በቁጥራቸው ቅደም ተከተል ግድግዳው ላይ ተሰቀሉ። የተበላሸውም ንጣፍ ከነፈሰሰበት ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። እንግዳው በሙሉ እዚያ ቆሞ ሲጠይቅ አመሸ። ከዚያ ወዲህ ለሙከራ የሚያዘው የምድጃ ጥግ ሒሳብ አይከፈልበትም።

እሷ አሁን የምትሠራው ኩባያ ቁጥሩ ያንሳል፤ ዋጋው ጨምሯል። ውስጡ በቤተሰቦቿ አፈር የተለበጠ ነው። የሰረዘው ሱቅ አልተመለሰም፤ ሌሎች ደንበኞች አገኘች። በቅርቡ ስትደውል ከወንዙ ማዶ ያለው አፈር ሌላ ዓይነት ቀለም ሊሰጥ ይችላል ብላ አንድ ከረጢት በፖስታ እንደምትልክልኝ ነገረችኝ። እሷም ለአጭር ቆይታ በድጋሚ አመልክታለች።