ብርድ ያበላሸው ኮላ

ደብረ ብርሃን ኅዳር ሲገባ ኮላ አይታመንም። አምና የዋንዛ ጠረጴዛ አጣብቄ በሞርሳ አስሬ አደርኩ፤ ጠዋት መጋጠሚያው እንደ ኖራ ነጥቶ ሳንቃዎቹ በእጄ ተላቀቁ። አንጀቴ አረረ!

ነጭ ኮላ በውሃ ውስጥ የተበተነ ፖሊቪኒል አሲቴት የተባለ ፕላስቲክ ቅንጣት ነው። ውሃው ሲወጣ ቅንጣቶቹ ተዋህደው ስስ ሽፋን መሥራት አለባቸው፤ ብርድ ላይ ግን ሳይዋሃዱ ዱቄት ሆነው ይቀራሉ።

ዩሪያ ፎርማልዴሃይድ የሚባለው የእንጨት ማጣበቂያ ሌላ ነው፤ ማጠንከሪያ ሲጨመርበት በኬሚካላዊ ለውጥ ይደርቃል፣ ተመልሶም አይቀልጥም። የእንግሊዞቹ የእንጨት የጦር አውሮፕላን ሞስኪቶ መጀመሪያ የተጣበቀው ከወተት በሚወጣ ኬዚን ነበር፤ እርጥበት ስላስቸገረው በዚህ በዩሪያ ፎርማልዴሃይድ ዓይነቱ ሬዚን (ሰው ሠራሽ ሙጫ) ተተካ። ይህን ሳነብ እንዴት ደስ እንዳለኝ!

ዩሪያ ፎርማልዴሃይድም ቢሆን ሙቀት ይወዳል። አሁን ሳንቃውንም ኮላውንም ከምድጃው አጠገብ አሳድራለሁ።