ውርጭና የደሴ ጓሮ

ዛሬ ጠዋት ደሴ ላይ የቲማቲም ችግኝ ጫፉ ጠቁሮና ረግቦ ካያችሁ በሽታ ነው ብላችሁ መድኃኒት አትርጩ። ውርጭ ሳይሆን አይቀርም።

«የድሮው ብርድ ቀረ» የሚለው ወሬ ግማሹ እውነት ነው። የብሔራዊ ሜትሮሎጂ ኤጀንሲ በ1999 ዓ.ም. ባወጣው ሰነድ መሠረት፣ በቀደሙት 55 ዓመታት የአገሪቱ ዝቅተኛ ሙቀት በየ10 ዓመቱ በ0.37 ዲግሪ ገደማ ጨምሯል። ችግኝ የሚገድለው ግን አማካይ አይደለም፤ ደመናም ነፋስም የሌላት አንዲት የኅዳር ሌሊት ትበቃለች። መሬቱ ሙቀቱን ወደ ሰማይ ይለቃል፣ ቀዝቃዛው አየር ከጦሳ ተራራ ቁልቁል ወርዶ ጎድጓዳው ጓሮ ላይ ይተኛል። ስልካችሁ 3 ዲግሪ እያለ ቅጠሉ ላይ ዜሮ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ረፋድ ላይ አፈሩን አጠጡ፤ እርጥብ አፈር ከደረቁ የበለጠ ሙቀት ይይዛል። ፀሐይ ሳትጠልቅ በጆንያ ወይም በአሮጌ ጋቢ እስከ መሬት ድረስ ሸፍኑ፣ ጠዋት ሲሞቅ ግለጡ። ላስቲክ ከሆነ በእንጨት ከፍ ይበል፤ የነካውን ቅጠል ያስመታዋል (ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው)። የተመታ የአቮካዶ ቅርንጫፍ ቶሎ አይቆረጥም፣ ጥር ይውጣ፤ የደረቀው ቅጠል የታችኛውን እንቡጥ ይከልላል።

ኮምቦልቻ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ስለሚል በአማካይ ከ3 እስከ 4 ዲግሪ ይሞቃል፣ ፓፓያም ይችለዋል። ከዚያ የመጣ ችግኝ ደሴ ሲደርስ ግን ለአንድ ሳምንት፣ ቀን ውጭ እየዋለ ማታ በረንዳ እያደረ ይላመድ።