የጠፋው ሞተር

ዛሬ ማታ ኮምፒውተር ላይ ተጥጄ አመሸሁ። ሥራ አይደለም፤ ሰው ለውጥን ምን ያህል እንደሚያስተውል የሚፈትን ሙከራ ነው። አንድ ፎቶ ብቅ ይላል፣ ለቅጽበት ባዶ ስክሪን ይመጣል፣ ከዚያ ያው ፎቶ ይመለሳል። ሲመለስ ግን የሆነ ነገር ተቀይሮበታል። የተቀየረውን እስክታገኝ ይፈራረቁልሃል።

የወታደራዊው አውሮፕላን ፎቶ አናደደኝ። የሚሳፈሩትን ወታደሮች አንድ በአንድ አየኋቸው። ምንም የለም። ለካ የሚጠፋውና የሚመለሰው ክንፉ ሥር ያለው ሞተር ነው! ያን የሚያክል ነገር! አንዴ ካየሁት በኋላ ደግሞ ሌላ ነገር ማየት አቃተኝ። (ሰው አጠገብህ ቁጭ ብሎ ባይሞከር ይሻላል፤ "እንዴት አይታይህም?" የሚል አይጠፋም።)

ዘዴውን ተመራማሪዎቹ ሮናልድ ሬንሲንክ፣ ኬቪን ኦሬጋንና ጄምስ ክላርክ በ1997 (እ.ኤ.አ.) አሳተሙት። ፎቶው ለ240 ሚሊሰከንድ፣ ባዶው ለ80 ሚሊሰከንድ ይታያል። ተንኮሉ ያለው እዚያች 80 ውስጥ ነው። ሌላ ጊዜ የሆነ ነገር ሲቀየር እንቅስቃሴው ራሱ ዓይናችንን ይጠራዋል። ባዶው ስክሪን ሲገባ ግን ሁሉም ቦታ አብሮ ብልጭ ስለሚል ጥሪው ይዋጣል። ያኔ ያለን አማራጭ እያንዳንዱን ነገር በትኩረት መፈተሽ ነው። ሰው ደግሞ ዋና ነው ከሚለው ይጀምራል። ዳር ያለው ተራው እስኪደርስ ይጠብቃል።

የስክሪን ጨዋታ ብቻ ቢሆን ስቄ ባለፍኩት። በ1998 ግን ዳንኤል ሳይመንስና ዳንኤል ሌቪን ነገሩን መንገድ ላይ አወጡት። አንድ ሰው አላፊ አግዳሚውን አቅጣጫ ይጠይቃል። መሀል ላይ ሁለት ሰዎች በር ተሸክመው በመካከላቸው ያልፋሉ፤ በሩ ሲያልፍ ጠያቂው ሌላ ሰው ሆኗል። ግማሽ ያህሉ ልብ ሳይሉ ማስረዳታቸውን ቀጠሉ።

ያስተዋሉት ወጣት ተማሪዎች ነበሩ፤ ጠያቂዎቹም በዕድሜ እኩዮቻቸው። ተመራማሪዎቹ ያንኑ ጠያቂዎች የግንባታ ሠራተኛ ልብስ አልብሰው በሌሎች ተማሪዎች ላይ ሲደግሙት፣ አብዛኞቹ የሰውየውን መቀየር አላወቁም። "ሠራተኛ ነው" ብለው መድበውት አለቀ፤ ፊቱን ማን ያይለታል?

ከሞተሩ ይልቅ ይሄኛው ነው እንቅልፍ የነሳኝ።