ከሌሊት ፈረቃ ስመለስ የጠበቀኝ

ዓምና በኅዳር ወር፣ ከአረጋውያን መጦሪያ የሌሊት ፈረቃዬን ጨርሼ በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ወደሚገኘው ቤታችን ስገባ፣ የ15 ዓመት ልጄ መብራት ሳያበራ ወጥ ቤት ተቀምጦ ጠበቀኝ። አንድ ሰው የእድሜ እኩያው የሆነች ልጅ መስሎ በስልክ ተዋውቆት፣ የራሷ ነው ያለውን የራቁት ፎቶ አስቀድሞ ልኮለት፣ ልጄም በምላሹ የራሱን ልኮ ነበር። ደቂቃዎች ሳይቆዩ 300 ዶላር ካልከፈልክ ለዘመዶችህ ሁሉ እንበትነዋለን የሚል ዛቻ መጣ። የማኅበራዊ ሚዲያ ተከታዮቹን ዝርዝር ፎቶ አንሥተው ስለ ላኩለት የእኅቴ ልጆችና የሰንበት ትምህርት ቤት ጓደኞቹ ስም ተራ በተራ ይታይ ነበር። 50 ዶላር በስጦታ ካርድ ቢልክላቸው ይባስ ብለው ጥያቄውን አናሩት።

ከአፌ መጀመሪያ የወጣው ቃል «አዋረድከኝ» የሚል ነበር፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ስለ ገላ ለልጆቻችን ስንናገር «ነውር ነው» ከማለት አናልፍም፣ አስፈራሪዎቹም የሚነግዱት በዚሁ ነውር ነው፤ ልጁ ከገንዘቡ ይልቅ የእናቱን ፊት ስለሚፈራ ይከፍላል። እኔ ስሠጋ የኖርሁት ደግሞ ለሴት ልጄ ብቻ ነበር። ገንዘብ ፈልገው የሚያስፈራሩት ሰዎች በብዛት የሚያጠምዱት ከ14 እስከ 17 ዓመት ያሉ ወንዶችን እንደሆነ የአሜሪካው ፌዴራል የምርመራ ቢሮ፣ ኤፍቢአይ፣ ሲያስጠነቅቅ የሰማሁት ከደረሰብን በኋላ ነው።

ሲነጋ ክፍያውን አቆምን፤ መልእክቶቹን ሳናጠፋ ሰውየውን አገድነው። የወረቀት ጣጣ ይመጣብናል ብዬ ለማመልከት ብፈራም፣ በቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ለሚገኘው የጠፉና የተበዘበዙ ሕፃናት ብሔራዊ ማዕከል በ1-800-843-5678 ደወልን። ማዕከሉ ቴክ ኢት ዳውን የሚባል ነፃ አገልግሎት አለው፤ ፎቶው ከልጁ ስልክ ሳይወጣ ምስሉን የሚለይ የቁጥር አሻራ ይወጣለትና፣ በአገልግሎቱ የተሳተፉ የማኅበራዊ ሚዲያ ድርጅቶች በዚያ አሻራ ፈልገው ያነሡታል። ስም እንኳ አይጠይቅም። በግንቦት 2025 የወጣው የፌዴራል ሕግም ድርጅቶች ያለ ፈቃድ የተለጠፈን የገላ ምስል፣ ጥያቄ በቀረበ በ48 ሰዓት ውስጥ እንዲያነሡ ያስገድዳል።

ለልጆቼ ያልነገርኋቸው ሌላም ነገር ነበር። በ2019 የሜሪላንድ ከፍተኛው ፍርድ ቤት፣ የራሷን ቪዲዮ ለሁለት ጓደኞቿ የላከች የ16 ዓመት ልጅ በሕፃናት የወሲብ ምስል ማሰራጨት ጥፋተኛ ልትባል እንደምትችል ወስኗል። ሕጉ ከዚያ በኋላ ቢሻሻልም፣ የራስን መላክ እንኳ እንዲህ ካስጠየቀ የጓደኛን ገበና ተቀብሎ ለሌላ ማስተላለፍ ቀልድ እንዳልሆነ ለሁለቱም ልጆቼ ያስረዳሁት በዚህ ታሪክ ነው።

ስሞቹ የተዘረዘሩበትን ምስል እንደገና ስናየው፣ ልጄ ራሱ «እኛ ቀድመን ብንነግራቸውስ?» አለኝ። የመጀመሪያው ስም የ17 ዓመቷ የእኅቴ ልጅ ነበር። ደወለላት፤ ረጅም ጊዜ ዝም አለችና፣ ለአንድ የክፍሏ ልጅ የላከችው ፎቶ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር አንድ ዓመት ሙሉ ለማንም ሳትናገር መክረሟን ነገረችው። በዚያው እሑድ፣ ልጅቷ እሺ ስላለች፣ እኅቴ ቤት ሄደን አብረን ነገርናት።